ከወንበር ወደ ወንበር የተጻፈ ታሪክ

(ስለ ሚድል አጥቢያና ስለ ቤተሰቦቿ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




መሐንዲስ ስለ አንድ ሕንፃ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚፈልገው ፕላኑን ነው። ፕላኑ ሕንፃው እንዴት እንደ ቆመ ይናገራል፤ በውስጡ ማን እንደ ኖረ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ ማን እንደ ከበረና ማን እንደ ደኸየ ግን አይናገርም። የዛሬው ንግግር ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ፕላን ይመለከታል። ከ300 ዓመት በፊት በእንግሊዝ ገጠር ይኖር የነበረ አንድ አዛውንት ገበሬ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን የውስጥ ፕላን ሣለ፤ በፕላኑም ላይ አግዳሚ ወንበሮቹን ከነባለመብቶቻቸው አሰፈረ፤ ከዚያም ከወንበር ወደ ወንበር እየተሸጋገረ የባለመብቶቹን ቤተሰቦች ታሪክ ጻፈ። ሰውየው ሪቻርድ ጎፍ፣ አጥቢያውም ሚድል ይባላል።

ርእሱ ከሙያው የራቀ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ከመሐንዲስ ደጃፍ የማይርቁ ሦስት ጥያቄዎች በውስጡ አሉ። መዝገብ የሚያዘው ለምንድን ነው? መብት የሚረጋገጠው በምንድን ነው? ሥራውና ሠሪው ካለፉ በኋላስ ስለ ሰዎቹ የሚቀረው ምንድን ነው? በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ከወዲሁ ማመልከት ያስፈልጋል።

አጥቢያው

ሚድል በእንግሊዝ ምዕራብ፣ ከዌልስ ጋር በሚዋሰነው በሽሮፕሺር አውራጃ ትገኛለች። ከአውራጃው ዋና ከተማ ከሽሩዝበሪ በስተ ሰሜን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አጥቢያዋ በአንድ ቦታ የተሰባሰበች መንደር ብቻ አልነበረችም፤ ሚድል ራሷ፣ ማርተን፣ ኒውተን፣ ባልደርተን፣ ኦልደርተንና ሌሎችም ትናንሽ መንደሮች፣ እንዲሁም ተራርቀው የተሠሩ የገበሬ ቤቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ተጠቃልለው ያቋቋሟት ነበረች። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ጫካው እየተመነጠረ፣ የቆረውም ውሃ በቦይ እየተጠነፈፈ የእርሻና የግጦሽ መሬት ሰፋ። አዲስ መሬት ሲገኝ አዲስ ሰው መጣ፤ በጫካው ዳር ጎጆ የቀለሱ ድኾችም በረከቱ።

አጥቢያ የሚለው ቃል በአማርኛ ይበልጡን የሚያሳስበው ቤተ ክርስቲያኑንና ምእመናኑን ነው። በእንግሊዝ ግን ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አጥቢያ ከሃይማኖት ተቋምነቱ በላይ የመንግሥት አስተዳደር የመጨረሻው እርከን ሆኖ ነበር። ለዚህ ማኅበር ቅርብ የሆነውን አንድ ምሳሌ ብቻ መጥቀስ ይበቃል። በ1555 የወጣው የመንገድ ሕግ በየአጥቢያው የሚያልፈውን መንገድ የመጠገን ግዴታ በአጥቢያው ሕዝብ ላይ ጣለ። ሕዝቡ በየዓመቱ ከመካከሉ የመንገድ ተቆጣጣሪ ይመርጥ ነበር፤ ነዋሪውም በዓመት 4 ቀን ያለ ክፍያ በመንገድ ሥራ ላይ እንዲውል ታዘዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ 4ቱ ቀን ወደ 6 ከፍ አለ። ተቆጣጣሪው የሙያ ትምህርት የሌለው፣ ደመወዝ የማይቈረጥለት፣ ጎረቤቶቹን ለሥራ አስገድዶ የሚያሰልፍ ገበሬ ስለ ነበረ መንገዱም ሰዉም ምን ያህል እንደ ተቸገሩ መገመት አያዳግትም። ይኸው የግዴታ ሥራ በሕግ የተሻረው በ1835 ነው።

እንግዲህ በሚድል የኖረ ሰው የሚጠመቀው፣ የሚጋባውና የሚቀበረው በአጥቢያው ነበር፤ መንገድ የሚጠርገው፣ ግብር የሚከፍለው፣ ሲደኸይም የሚረዳው ወይም የሚባረረው በዚያው በአጥቢያው ነበር። ስለዚህ የአንዲት አጥቢያ ታሪክ የአንድ ሕዝብ ኑሮ በትንሽ መስፈርት የተነሣ ካርታ ነው ማለት ይቻላል።

መዝገቡ

በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዋና ባለሟል የነበረው ቶማስ ክሮምዌል አንድ ትእዛዝ አወጣ። እያንዳንዱ ቄስ በአጥቢያው የሚፈጸመውን ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በየሳምንቱ በመዝገብ እንዲያሰፍር፤ መዝገቡም ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ፤ አንዱን ቁልፍ ቄሱ፣ ሌላውን የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂዎች እንዲይዙት የሚል ነበር። ሕዝቡ ትእዛዙን በጥርጣሬ ተመለከተው፤ ሰው ሲወለድ፣ ሲጋባና ሲሞት ግብር ሊጠየቅ ነው የሚል ወሬም ተነዛ። ወሬው ለጊዜው ሐሰት ሆነ። ከ157 ዓመት በኋላ ግን፣ በ1695፣ ከፈረንሳይ ጋር ለሚደረገው ጦርነት ማካሄጃ በልደት፣ በጋብቻና በቀብር ላይ በእርግጥ ግብር ተጣለ። የገበሬው ፍርሃት ዘገየ እንጂ አልሳተም።

የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች በአብዛኛው በወረቀት የተጻፉ ስለ ነበሩ ብልና እርጥበት ጎዳቸው። ስለዚህም በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በ1598፣ መዝገቡ በብራና እንዲገለበጥና በየዓመቱም አንድ ቅጂ ለጳጳሱ ጽሕፈት ቤት እንዲላክ ታዘዘ። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ መሐንዲስ የሚያውቃቸው ሁለት ጥበቦች ይታያሉ፤ አንደኛው ዕድሜ ያለውን ዕቃ መምረጥ፣ ሁለተኛው አንዱ ቢጠፋ የሚተካውን ሌላ ቅጂ ራቅ ባለ ስፍራ ማኖር ነው። በየአጥቢያው እሳትና አይጥ ያጠፋቸው ስሞች ከጳጳሱ ቅጂ የተገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሚድል መዝገብ የሚጀምረው በ1541 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የአጥቢያው ሕዝብ ከሞላ ጐደል በስም ይታወቃል። ይሁንና መዝገቡ ስም፣ ቀንና ድርጊት እንጂ ሰው አይሰጥም። አንድ ገበሬ 70 ዓመት ኖሮ በመዝገቡ የሚተርፈው በሦስት መስመር ነው፤ ተጠመቀ፣ አገባ፣ ተቀበረ። በመስመሮቹ መካከል ያለው 70 ዓመት ሁሉ ከሰውየው ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። በሚድል ግን ይህ ሙሉ በሙሉ አልሆነም፤ ምክንያቱም በመስመሮቹ መካከል የነበረውን የሚያውቅና ለመጻፍ የደፈረ ሰው ተገኘ።

ጸሐፊው

ሪቻርድ ጎፍ በ1635 በዚችው አጥቢያ ተወለደ። ቤተሰቡ ከመኳንንቱም ከድኾቹም ወገን አልነበረም፤ መሬት ይዞ ራሱን ችሎ የሚኖር በመካከለኛ ደረጃ የሚቆጠር ገበሬ ነበር። ልጁ ትምህርት ቀምሶ ላቲን ለማንበብና ለመጥቀስ በቃ። በወጣትነቱም ሮበርት ኮርቤት ለተባለ የሰላም ዳኛ ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። ይህ ሥራ በሕይወቱ ላይ ከፍ ያለ ተጽዕኖ አሳደረ፤ ውል፣ ክስ፣ መሐላና ምስክርነት እንዴት እንደሚጻፍ አስተማረው፤ ሰዎች በዳኛ ፊት የሚሉትንና በጎረቤት መካከል የሚሉትንም ለይቶ እንዲያውቅ አደረገው።

በ1700 የአጥቢያውን ጥንታዊ ነገር፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን፣ የምሽጉን፣ የባለርስቶቹንና የድንበሩን ሁኔታ የሚመለከት ጽሑፍ አዘጋጀ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በዘመኑ የጻፉ ሌሎችም ነበሩ። በ1701 የጀመረው ሁለተኛው ሥራ ግን አቻ የሌለው ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው 66 ዓመት ነበር፤ 88 ዓመት ኖሮ በ1723 አረፈ።

ወንበሩ

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ቆመው ስለሚያስቀድሱ የወንበር ክርክር እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ግን አግዳሚ ወንበሮቹ በእንጨት የታጠሩና በር ያላቸው ነበሩ፤ እያንዳንዱም ወንበር ባለመብት ነበረው። የወንበሩ ቦታ የሰውየውን ማዕረግ ይገልጽ ነበር። ባላባቱ ከፊት፣ ደህና መሬት ያለው ገበሬ ከመካከል፣ ባለ ጎጆው ከኋላ ይቀመጥ ነበር። በየእሑዱ መላው አጥቢያ እንደ ኑሮው ደረጃ ተሰልፎ በአንድ ጣሪያ ሥር ይታይ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። ጎፍ እንደሚያስረዳው የወንበር መብት የተያያዘው ከሰው ጋር ሳይሆን ከቤትና ከመሬት ጋር ነው። ቤቱን የያዘ ወንበሩን ይይዛል፤ ቤቱን የለቀቀ ወንበሩን ይለቅቃል። ስለዚህ ወንበር ለማን እንደሚገባ ለማወቅ ቤቱን ማን ከማን እንደ ወረሰ፣ ማን ለማን እንደ ሸጠ፣ ማን ማንን እንዳገባ ማወቅ የግድ ሆነ። የወንበር ክርክር የቤተሰብ ታሪክን አስጠራ።

ክርክሩም በቃል ብቻ አልቀረም። ጎፍ እንደ ተረከው ከአጥቢያው ሰዎች አንዱ በወንበሩ በር ላይ ቁልፍ አኖረ። በዚያ ወንበር መብት አለኝ ይል የነበረ ሌላው ሰው በተከታዩ እሑድ መጥቶ በሩን በኃይል ቢስበው ቁልፉ ተገንጥሎ ወደቀ። የተጣሉት በስንዝር ለሚለካ እንጨት ነው ብሎ መሳቅ ይቻላል። ነገር ግን የመሬት ድንበር የለካ ቀያሽ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰው ስለ አንድ ክንድ መሬት ሲጣላ የሚጣላው ስለ አፈሩ ብቻ አይደለም፤ በጎረቤቶቹ ፊት ስለሚኖረው ስፍራ ነው። ሚድል ውስጥ ወንበር ማጣት ከሰው ቍጥር መውጣት ነበር።

እንግዲህ ጎፍ ፕላኑን ሣለ። ሰዎቹን እንደ ማዕረጋቸው ሳይሆን ወንበሮቹ እንደሚከተሉት ቅደም ተከተል ጻፋቸው። በእሑድ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆሞ ዓይኑን ከፊት ወደ ኋላ እንደሚያዞር ሰው፣ ከአንዱ ወንበር ያሉትን አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ተርኮ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፕላኑ የመጽሐፉ ማውጫም ሆነ።

ቤተሰቦቹ

ጎፍ ጎረቤቶቹን አላሞገሰም፤ አላዋረደምም። አንዱ ገበሬ ታታሪና አስተዋይ እንደ ነበረ ይጽፋል፤ ልጁ ያንን ሁሉ በመጠጥ ቤት እንዳጠፋው ያክልበታል። በመጠጥ የፈረሱ ቤቶችን ሲቆጥር ወንዱንም ሴቱንም አይምርም። የአባቶቻችንን ነውር አወጣህ ብሎ የሚወቅሰው ቢኖር ያ ሰው ራሱ እንዲህ ያለ ስም ትቶ ከማለፍ ይጠንቀቅ፤ የተጻፈው ግን በክፋት አይደለም የሚል መልስ አስቀድሞ ሰጥቷል። የተጻፈላቸው ሰዎች ልጆች በሚቀጥለው እሑድ ከጎኑ እንደሚቀመጡ ሲታሰብ ድፍረቱ ቀላል አልነበረም።

ከሚያስቁት ታሪኮች አንዱ ስለ ምድጃ ነው። አንድ ድኻ ሰው ምድጃውን ለማንደድ የሰዎችን አጥር እያፈረሰ እንጨቱን ይወስድ ነበር። አጥሩ የፈረሰበት ቤት አሽከር አንድ ደረቅ እንጨት በስቶ ባሩድ ሞላበት፤ ቀዳዳውን በሽብልቅ ደፍኖ እንጨቱን ከአጥሩ መልሶ አስገባው። ሌባው እንደ ልማዱ ወስዶ ቢማግደው የምድጃው አናት ተፈንድቶ ሄደ፤ የቤቱም ጫፍ በእሳት ተያያዘ። ታሪኩ ያስቃል፤ ነገር ግን ጫካው ከተመነጠረ በኋላ ለድኻ ማገዶ ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ አኃዝ አይገኝም።

የሚያሳዝነው ክፍል የጦርነቱ ነው። በ1642 በንጉሥ ቻርልስ 1ኛና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት ወደ ሽሩዝበሪ መጥተው ጦር ሰበሰቡ። የአጥቢያው ወንዶች በሚድል ኮረብታ ላይ እንዲሰለፉ ታዘዙ። ጎፍ ያን ጊዜ የ8 ዓመት ገደማ ልጅ ሆኖ በቦታው ነበር፤ በእንጨት ጫፍ ላይ የተለጠፈውን ወረቀትና ለንጉሡ ለሚያገለግል የሚከፈለው ደመወዝ ሲነገር እንደ ሰማ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ አስታውሶ ጻፈ። ከሚድል፣ ከማርተንና ከኒውተን ብቻ 20 ሰዎች ዘመቱ። ከ20ዎቹ 13ቱ ተገደሉ። ጎፍ በስም ቆጥሯቸዋል። አንደኛው ከማርተን የሄደ ተስፋ የሚጣልበት ወጣት ነበር፤ የት እንደ ተገደለ ግን ሊናገር እንዳልቻለ ሳይሸሽግ ገልጿል። ለፓርላማው የዘመቱት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጆን ሞልድ የተባለው ጥይት የእግሩን አጥንት ሰብሮ ፈረሱን ከሥሩ ገደለበት፤ እግሩ ቢድንም ዕድሜውን ሙሉ ጠማማ ሆኖ ቀረ።

ጦርነቱ ወደ መንደሩም ገብቶ ነበር። ከንጉሡ ወገን የሆነ አንድ መኮንን በሚድል አንጥረኛ ቤት ፈረሱን ጫማ ሲያስመታ በጠላት ወታደሮች ተመታ፤ ልጁ ጎፍም ቁስለኛው ተኝቶ አየው። የጦርነቱን ጠቅላላ ታሪክ የጻፉ ብዙ ናቸው። ጎፍ ግን ከሦስት ትናንሽ መንደሮች ይህን ያህል ሰው ከጠፋ በመላው እንግሊዝ ስንት ሺህ እንዳለቀ አንባቢው እንዲያሰላ ተወለት። ናሙና ወስዶ ስለ ጠቅላላው መገመት ዛሬ የሁሉም ሙያ ዘዴ ነው፤ ሽማግሌው ገበሬ ግን ከዘመቱት ጋር አንድ አጥቢያ ውስጥ ስላደገ ናሙናውን በስም ያውቀው ነበር።

ወንበር ያልነበራቸው

የጎፍ መጽሐፍ የሚያበቃው በወንበር ሳይሆን በክስ ነው። ለዚህ ምክንያት የሆነው የድኾች ሕግ ነበር። በ1601 በወጣው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ አጥቢያ በየዓመቱ የድኾች ተቆጣጣሪዎችን መርጦ ከነዋሪው ግብር እየሰበሰበ የራሱን ድኾች የመርዳት ግዴታ ነበረበት። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን “የራሱ ድኻ” የሚባለው ማን ነው? በ1662 የወጣው ሌላ ሕግ ለዚህ መልስ ሰጠ። በዓመት 10 ፓውንድ የማያወጣ ቤት ተከራይቶ የመጣ ሰው ወደ ፊት ሸክም ይሆናል ተብሎ ከታሰበ፣ በመጣ በ40 ቀን ውስጥ ሁለት ዳኞች ወደ ቀድሞ አጥቢያው እንዲመልሱት ተፈቀደ። በ1697 ደግሞ እርዳታ የሚቀበሉ ድኾች የአጥቢያቸውን ስም የሚያመለክት ፊደልና የድኽነት ምልክት በልብሳቸው ትከሻ ላይ እንዲያደርጉ ታዘዘ።

ውጤቱ ምን እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም። አጥቢያ ከአጥቢያ ጋር ተካሰሰ፤ አንዱ ሌላውን “ይህ ድኻ ያንተ ነው” ይለው ጀመር። አካለ ስንኩሉ፣ ሥራ ያጣው፣ ልጆች ያሏት መበለት ከአንዱ ወሰን ወደ ሌላው ተገፉ። ጎፍ የሕግ ጽሕፈት ልምድ ስለ ነበረው ለሚድል ወግኖ ተከራከረ፤ አጥቢያዋ የረታችበትንና የተረታችበትን ክርክር መዝግቦ አቆየ። ጎረቤቶቹን በርኅራኄ የሚያይ ሰው በዚህ ክፍል ወጪና ኪሣራን እንደሚያሰላ ሒሳብ ሹም ሆኖ ይታያል። በጎ ሰው መጥፎ ሕግ ሲያስፈጽም ምን እንደሚመስል ለማወቅ ለሚፈልግ የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጾች ጥሩ ትምህርት ናቸው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሊካድ አይገባም። ወንበር ያልነበራቸውና ከአጥቢያ አጥቢያ የተንከራተቱት ሰዎች ዛሬ የሚታወቁት በእነዚያው ክሶች ነው። የመባረራቸው ወረቀት የመኖራቸው ማስረጃ ሆኖ ተገኘ።

ጽሑፉ ከየት ደረሰ

ጎፍ ሲሞት መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍ ቀረ። ከፊሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1834 በሰር ቶማስ ፊሊፕስ አማካይነት ታተመ፤ የተሟላው እትም በ1875 ወጣ። ይሁንና ሊቃውንት ዋጋውን በሚገባ የተረዱት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ዊልያም ጆርጅ ሆስኪንስ የተባሉት የታሪክ ምሁር በሌስተር የአካባቢ ታሪክ ጥናት ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል እንዲሆን የጣሩ ሰው ነበሩ፤ በ1955 ባሳተሙት መጽሐፍም የእርሻ አጥር፣ የመንገድ ጠመዝማዛና የመንደር አሰፋፈር እንደ ሰነድ ሊነበቡ እንደሚችሉ አሳዩ። የጎፍ መጽሐፍ በ1968 እንደገና ሲታተም መግቢያውን የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ከዚያም ዴቪድ ሄይ በ1974 ስለ ሚድል ያሳተመው ጥናት ጎፍ የጻፈውን ከአጥቢያው መዝገብ፣ ከኑዛዜና ከመሬት ሰነድ ጋር አመሳከረው። የ66 ዓመቱ ሽማግሌ በቃል ያቆየው የቤተሰብ ዝምድና በአብዛኛው ትክክል ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሊቃውንት ከመዝገቡ ብቻ ምን ሊገኝ እንደሚችል መረመሩ። በካምብሪጅ በ1964 የተቋቋመው የሕዝብ ታሪክ ጥናት ቡድን የጥምቀቱን፣ የጋብቻውንና የቀብሩን ሦስት መስመር እያገጣጠመ ቤተሰብን እንደገና የማቆም ዘዴ ተጠቀመ። ዘዴው ከፈረሰ ሕንፃ ድንጋይ ተነሥቶ የቀድሞውን ግድግዳ እንደ መሣል ነው። በዚህ መንገድ የተገኘው ውጤት ብዙ ግምት አፈረሰ። የጥንት እንግሊዛውያን በልጅነት ይጋቡ ነበር ይባል የነበረው ትክክል አልሆነም፤ ተራው ሕዝብ የሚጋባው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነበር። ብዙ ዘመድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖር ነበር የተባለውም አልጸናም፤ ፒተር ላስሌት ባጠናቸው የነዋሪዎች ዝርዝሮች መሠረት አንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.75 ሰው ብቻ ነበረው። በ1981 ሪግሊና ስኮፊልድ ያሳተሙት ከ1541 እስከ 1871 ያለው የእንግሊዝ የሕዝብ ታሪክ የተመሠረተው በ404 አጥቢያዎች መዝገብ ላይ ነው። ከእነዚያ መዝገቦች አኃዙን የለቀሙት አብዛኞቹ በየአካባቢያቸው የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ መሠረት ከ100 ዓመት በላይ የሆናቸው የአጥቢያ መዝገቦች ተስማሚ ጥበቃ ካልተደረገላቸው በቀር ወደ መዛግብት ቤት እንዲገቡ ተደረገ። ሁለት ቁልፍ የነበረው ሣጥን በዚህ ዓይነት እርጥበቱና ሙቀቱ በሚለካ ክፍል ተተካ። ሐሳቡ ግን የ1538ቱ ነው።

ማጠቃለያ

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤

የሚድል ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። ነገር ግን ከግንብ ደወሉ በቀር አብዛኛው ከጎፍ ዘመን በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ጎፍ የሣላቸው ወንበሮች የሉም፤ ቁልፉ የተገነጠለበትም በር የለም። የቀረው ወረቀቱ ነው። ሕንፃ ከወረቀት ይጸናል ብሎ የሚያስብ መሐንዲስ ይህን ምሳሌ ቢያስብበት ይጠቅመዋል።

መንገድ ሲቀየስ፣ ድልድይ ሲሠራ ወይም ግድብ ሲገደብ ብዙ ወረቀት ይከማቻል። የአፈሩ ጥናት፣ የብረቱ መጠን፣ የኮንክሪቱ ጥንካሬ፣ የክፍያው ሰነድ ሁሉ በየፋይሉ ይገኛል፤ ሥራው ሲያልቅም እንደ ተሠራው ሆኖ የተነሣው ንድፍ ለባለቤቱ ይሰጣል። ቦታው ላይ ቀድሞ ማን ይኖር እንደ ነበረ፣ ወዴት እንደ ሄደ፣ የውሃውን ጠባይ ለቀያሹ የነገረው ሽማግሌ ማን እንደ ነበረ፣ ድንጋዩን የጠረቡት እነማን እንደ ነበሩ ግን በፋይሉ አይገኝም። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው። የሚጠፋው ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው፤ ከጠፋም በኋላ በምንም መሣሪያ አይለካም።

ጎፍ ይህን ለመጻፍ ከመንግሥት አልታዘዘም፤ ከማንም አልተከፈለውም። ያደረገው ነገር የሚያውቀውን ሕንፃ ፕላን ወስዶ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ማን እንደሚቀመጥ መጻፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ መጀመር ከየትኛውም መሐንዲስ አቅም በላይ አይደለም፤ ፕላኑ አስቀድሞ በእጁ አለና።